ጽሑፋችሁን በጊትሃብ ላይ ድረ ገጽ አድርጋችሁ እንዴት ታወጡታላችሁ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጎረቤቶች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ከመካከላችን አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ጆንያ ውስጥ ቆስጣ ያበቅላሉ። አበቃቀሉን አሳምረው ጽፈው ግሩፑ ላይ ለጠፉት። በማግስቱ ብፈልገው «ውሃ መጣ» እና «እናንተ ጋ መብራት አለ?» በሚሉ መልእክቶች ተውጧል። ቆጨኝ። በአማርኛ እንዲህ ተብራርቶ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አብረን ቁጭ ብለን በጊትሃብ ፔጅስ አወጣነው። ምንም አልከፈልንም።

ጊትሃብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀመረ፣ በ2018 ማይክሮሶፍት ገዛው። ፔጅስ የሚባለው ክፍሉ ያስቀመጣችሁትን ፋይል እንዳለ ለአንባቢ ያሳያል። ለጽሑፍና ለፎቶ ይበቃል። የኦንላይን ሱቅ ልክፈትበት ብትሉ ግን ደንቡ አይፈቅድም።

መጀመሪያ አካውንት ክፈቱ። የተጠቃሚ ስማችሁን አስባችሁበት ምረጡ፤ የድረ ገጹ አድራሻ ከሱ ነው የሚወጣው። መምህሩ ስልክ ቁጥራቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው።

ቀጥሎ ሪፖዚተሪ፣ ማለትም የፋይል ማኅደር፣ ፍጠሩ። ስሙ የተጠቃሚ ስማችሁ፣ ነጥብ፣ ጊትሃብ፣ ነጥብ፣ አይኦ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። «ፐብሊክ» የሚለውን ምረጡ፤ በነጻው አካውንት ድረ ገጽ የሚወጣው ከፐብሊክ ማኅደር ብቻ ነው። ስለዚህ ፓስወርድም ሆነ የመታወቂያ ፎቶ እዚያ እንዳታስገቡ። ብትሰርዙት እንኳ የድሮው ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ይቀራል።

አሁን «ክሬት ኒው ፋይል»ን ንኩ። የመጀመሪያው ገጽ ስም ኢንዴክስ ነጥብ ኤችቲኤምኤል ነው፤ ሁሉም በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል። ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ትልቁና ትንሹ ፊደል እዚያ እንደ ሁለት የተለያየ ስም ነው የሚቆጠረው።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሄድ» በሚባለው የፋይሉ ክፍል ውስጥ ሁለት መስመር እንዳይቀርባችሁ። አንዱ ፊደሉ የተቀመጠው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው፣ የአማርኛንም ፊደል በሚይዘው አሠራር መሆኑን ለብሮውዘሩ የሚናገረው የሜታ ቻርሴት መስመር ነው። የመምህሩን ፋይል ከማውጣታችን በፊት ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው ይህ መስመር አልነበረውም። «ቆስጣ» የሚለው ቃል ጭረትና ነጠብጣብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት ሆኖ ቁጭ አለ። እሳቸው ጽሑፉ የጠፋ መስሏቸው ደነገጡ። መስመሩን ስንጨምር ሁሉም ተመለሰ። ሁለተኛው ገጹን በስክሪኑ ስፋት ልክ የሚያደርገው የቪውፖርት መስመር ነው፤ እሱ ከሌለ ጽሑፉ ስልክ ላይ ጉንዳን ያክላል።

ፎቶ ላይ ቆጠብ በሉ። በብሮውዘር የሚጫን አንድ ፋይል እስከ 25 ሜጋባይት ይፈቀዳል፣ ጠቅላላ ድረ ገጹ እስከ 1 ጊጋባይት። ግን አንባቢያችሁ ካርድ ሞልቶ በገዛው ፓኬጅ ነው የሚከፍተው። 4 ሜጋባይት የነበረውን የቆስጣ ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት አወረድነው፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ጠል ሳይቀር ይታያል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ኮሚት ቼንጅስ»ን ንኩ፤ የጻፋችሁትን የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ከዚያ የማኅደሩ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፔጅስ» ግቡ። «ዲፕሎይ ፍሮም ኤ ብራንች» የሚለውን፣ ከሥሩ «ሜይን» እና «ሩት»ን መርጣችሁ «ሴቭ» በሉት። ገጹ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ወዲያው ካላያችሁት ሁሉንም አፍርሳችሁ እንደገና አትጀምሩ።

ስሕተት ካገኛችሁ የእርሳሷን ምልክት ነክታችሁ አርሙና ዳግም «ኮሚት» አድርጉ። መምህሩ ይቺን ለምደው የጎመኑን ገጽ ራሳቸው ጨመሩ። አድራሻውን ግሩፑ ላይ ፒን አድርገነዋል።