ለጌም የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አዳማ ውስጥ በመጠነኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር የሚያስገጣጥም ሰው አብዛኛውን ገንዘብ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ያውልና ፓወር ሰፕላዩን (ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል)፣ ራሙን (ጊዜያዊ ሜሞሪውን) እና ኬዙን (ቀፎውን) በተረፈው ይሸፍናል። ችግር ሲፈጠርም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ካርዱ ነው። ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአዲስ አበባ በመሆኑ፣ ሳያስፈልግ የተገዛን ዕቃ ይዞ ተመልሶ ማስለወጥ ራሱን የቻለ ወጪና ድካም አለው። ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ምልክት በጥንቃቄ ይመልከቱ።

ጌሙ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል

ኮምፒውተሩ ምንም መልእክት ሳያሳይ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ወይም ራሱን እንደገና የሚያስነሳ ከሆነ፣ በቅድሚያ መመርመር ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ነው። በገበያ ላይ በትልልቅ ፊደል «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈባቸው ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ብዙ ናቸው፤ እውነተኛው አቅማቸው የሚታወቀው ግን በጎናቸው ከተለጠፈው ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ላይ በ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር ይፈልጉና በ12 ያባዙት። ለምሳሌ 18 አምፔር የሚል ከሆነ፣ ለግራፊክስ ካርዱና ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው ኃይል 216 ዋት ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ ብቻውን እስከ 170 ዋት፣ ራይዘን 5 5600 የሚባለው ፕሮሰሰር ደግሞ እስከ 76 ዋት ስለሚወስዱ፣ ፋኑና ዲስኩ ሳይቆጠሩ ድምሩ 246 ዋት ይሆናል፤ ካርዱ ለቅጽበት ከተመደበለት በላይ የሚስብበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ቀላል ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ውሎ ጌም ሲከፈት ቢጠፋ አያስገርምም።

መፍትሄው በ12 ቮልት ከ40 አምፔር ያላነሰ የሚሰጥ፣ ስሙ ከታወቀ አምራች የመጣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ መግዛት ነው። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ኃይል ቁጠባ በመሆኑ ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አድርገው አይውሰዱት። ከኋላው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከገዙ፣ የአገራችን መስመር 220 ቮልት ስለሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት መቀያየሪያው 230 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 115 ላይ እንዳለ ቢሰካ ይቃጠላል። ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖችን ለጌም ማሳደግ የሚፈልጉም ይህንኑ ጉዳይ አስቀድመው ያስቡበት፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ልዩ ቅርጽ ያለው አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው፣ ተጨማሪ ገመድ ሳይፈልግ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ካልሆነ በቀር አይችሉም።

ኮምፒውተሩ የሚጠፋው መብራት ብልጭ ባለ ወይም በሄደ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ የዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ነው። 650 ቪኤ የሚባለው የተለመደው ዩፒኤስ በዋት ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 በታች ነው፤ ባትሪው ካረጀ ደግሞ ጌም ላይ ያለን ኮምፒውተርና ሞኒተር ለጥቂት ሰከንድ እንኳ አይሸከምም። መብራት ሳይሄድም የሚጠፋ ከሆነ ዩፒኤሱን አውጥተው ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በማገናኘት ይፈትኑ፤ ችግሩ በዚህ ከቆመ ፓወር ሰፕላይ መቀየር አያስፈልግዎትም። 1000 ቪኤ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዩፒኤስ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የሚያገለግለው ጨዋታውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ በባትሪ ለመጫወት አይደለም።

ጠዋት ደህና የሆነው ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል

ይህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለችው አዳማ የተለመደ ችግር ነው። በተለይ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከሰዓት በኋላ እጅግ ስለሚሞቅ፣ ወደ ኬዙ የሚገባው አየር ራሱ ሞቃት ነው። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የተፈቀደላቸው የሙቀት ጣሪያ ላይ ሲደርሱ እንዳይጎዱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ተጫዋቹ የሚያየው ጥቂት ቆይቶ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) መውረዱን ነው።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነው በጨዋታ መሃል የሙቀቱን መጠን ይከታተሉ። ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ የኬዙን የጎን ክዳን ከፍተው ያንኑ ጨዋታ እንደገና ይሞክሩት። ሙቀቱ በግልጽ ከወረደ ጉድለቱ የአየር ዝውውር ነው። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ፣ መብራቱ የሚያምር ኬዝ ለዚህ ከተማ አይመከርም፤ በዚያው ዋጋ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት አስገቢ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን የሚይዝ ኬዝ ይምረጡ። ክዳኑ ተከፍቶ ለውጥ ከሌለ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርገው በአዲስ ይተኩ።

የበጋው ነፋስ የሚያነሳው አቧራ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ስለሚጋገር በየጊዜው መጽዳት ይኖርበታል፤ በንፊያ መሣሪያ ሲያጸዱ ፋኑ ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት። ሞኒተርዎ 60 ኸርዝ ከሆነ ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ያለ ምንም ወጪ ሙቀቱን በእጅጉ ይቀንሳል።

አማካይ ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ ምስሉ ይቆራረጣል

በመጀመሪያ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከፍተው የራሙን ገጽ ይመልከቱ። ከማስገቢያዎቹ አንዱ ብቻ ተይዞ ከሆነ ራሙ የሚሠራው በግማሽ የመተላለፊያ ስፋት ነው። ሻጮች «ወደፊት ትጨምርበታለህ» እያሉ አንድ ባለ16 ጊጋባይት ራም ቢያቀርቡም፣ ባለ8 ጊጋባይት ሁለት መግዛት ይሻላል። ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው ሁለቱ ራሞች የሚገቡት በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። 3200 ተብሎ የተገዛው ራም ታስክ ማናጀር ላይ 2133 ወይም 2400 ካለ ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) ያብሩ፤ ምንም ወጪ የለውም።

ራሙ ትክክል ከሆነ በጨዋታ መሃል የካርዱን የሥራ መጠን ያንብቡ። 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱ አቅሙን ጨርሷል፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። 60 በመቶ አካባቢ እየዋዠቀ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው። አራት ኮር ብቻ ያለውን ኮር አይ5 6500 ከአርቲኤክስ 3060 ጋር ማጣመር ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሁለቱ ድምር ዋጋ ራይዘን 5 5600ን አርኤክስ 6600 ከሚባለው ካርድ ጋር ማግኘት የሚቻል ከሆነ ያለ ጥርጥር እሱን ይምረጡ። የካርዱ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነና አዲስ ቦታ በገቡ ቁጥር ምስሉ ለቅጽበት የሚቆም ከሆነ የቴክስቸሩን (የዕቃዎቹን የገጽታ ምስል) ጥራት ይቀንሱ።

ካርዱ ከስሙ በታች ይሠራል

የአሮጌ ካርድ ሶፍትዌር ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥበት ማጭበርበር ለዓመታት የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ካርድ ሐሰተኛ መሆኑን ከስሙ ፊት ጽፎ ያሳያል። አርኤክስ 580 ሲገዙም የሼደሩን (የካርዱን የስሌት ክፍሎች) ቁጥር ይመልከቱ፤ ሙሉው 2304 ሲሆን ዝቅተኛው 2048 ነው። ካርዱ እውነተኛ ሆኖ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከሆነ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት የመረጃ መስመር ብቻ ስለሆነ የካርድ ማስገቢያው አሮጌው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 በሆነ ማዘርቦርድ ላይ ጉልህ አቅም ያጣል። ያገለገለ ካርድ ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከባድ ጨዋታ ከፍተው ፋኖቹን ያዳምጡ፤ የሚንኳኳ ወይም የሚንሻጠጥ ፋን ለቅናሽ መደራደሪያ ይሆናል።

ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ባዶ ነው

የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን ያረጋግጡ፤ ራይዘን 5 5600ም ሆነ ኮር አይ3 12100ኤፍ በውስጣቸው የግራፊክስ ክፍል ስለሌላቸው በማዘርቦርዱ በኩል ምስል አይሰጡም። ቀጥሎ የካርዱ የኃይል ገመድ እስከ መጨረሻው መግባቱን ያዩና አንድ ራም ብቻ አስቀርተው ያስነሱ። ማዘርቦርዱ ቢ450 የሚባለው ዓይነት ሆኖ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ከሆነ ባዮሱ ፕሮሰሰሩ ከመውጣቱ በፊት የተጫነ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ የራይዘን ፕሮሰሰር ያለው ባለሙያ በዚያ አስነስቶ ባዮሱን ሊያድስልዎት ይችላል። ሁለቱን አብረው የሚገዙ ከሆነ ሻጩ ባዮሱን አድሶ፣ ምስል ሲሰጥ ዐይንዎ እያየ እንዲያስረክብዎት ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ይስማሙ።