ድንኳኑ ሳይነቀል፦ የሰፈራችንን ሟቾች ታሪክ እንዴት እንጽፋለን?

ጡሩንባው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነፋ። ጡሩንባ ነፊው የሟቿን ስም ከነአባታቸው ጠራ። ሰው ነጠላውን እየለበሰ ወጣና እርስ በርሱ «ማን ናቸው?» ይባባል ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት ሽንኩርት የገዛንባቸው የጉሊት እናታችን መሆናቸውን ያወቅነው ድንኳኑ የማን በር ላይ እንደሚተከል ስናይ ነው። ሰፈሩ የሚጠራቸው በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነበር፤ «የእገሌ እናት» እያለ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ተወለዱ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ይህን ያህል ልጅ አፈሩ፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» አረፉ። ስሙን ብትቀይሩት ለማንኛችንም ይሆናል። ስለ ጉሊቱ አንድ ቃል አልነበረበትም። ማታ ድንኳን ውስጥ ግን ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ፣ ሲስቅም ጭምር፣ አመሸ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ወሬውም አብሮ ተነቀለ።

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሟች ሁለት ጽሑፍ እናዘጋጃለን። አንዱ ለቀብር በችኮላ የሚጻፈው ነው። ሌላው እስከ አርባው ድረስ ቀስ ተብሎ ተሰብስቦ በእድሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው። በየሰፈራችሁ መጀመር ለምትፈልጉ አሠራራችን ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ የቀብሩ ጽሑፍ

ሰው ሌሊት ካረፈ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ነው። እና ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ጽሑፉን ለሟች ልጅ አትስጡ። ልጅ ያልቅስ እንጂ አይጻፍ። የወንድም ልጅ፣ አማች፣ ወይም ቤቱን በደንብ የሚያውቅ ጎረቤት ይሻላል።

ከቤተሰቡ መጀመሪያ የምትቀበሉት ሦስት ነገር ነው። መታወቂያ፣ አንድ ጉርድ ፎቶና፣ ሟቹ ኦርቶዶክስ ከሆኑ፣ የክርስትና ስም። ካህናቱ ለፍትሐቱ የሚጠይቁት የክርስትናውን ስም ነው፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ስልክ እየተደወለ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰፈሩ የሚያውቀውን መጠሪያም ጻፉ። እሱ ከሌለ ግማሹ ለቀስተኛ ማንን እንደሚቀብር ሳያውቅ ይመለሳል።

መታወቂያ ላይ ያለውን የልደት ዓመት ግን እንዳታምኑት። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ አባታችን ሲያርፉ መታወቂያቸው 1936 ዓ.ም ይል ነበር። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። ሁለት መስመር ዝቅ ብዬ ደግሞ በ1943 ዓ.ም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ እንደዘመቱ ጻፍኩ። ሲነበብ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በሰባት ዓመታቸው?» አሉ። ሰው ሳቁን በነጠላ አፈነ። መታወቂያው ላይ ያለው ዓመት የጸሐፊ ግምት ነበር።

ስለዚህ ዓመቱን በድርጊት አስሉት። «ሲያገቡ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣሊያን ሲወጣ ከተባለ 1933 ነው። የታኅሣሥ ግርግር 1953። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። ትርፍ ቤት የተወረሰው በዚያው በ1967 ሐምሌ። ድርቁ በሰባ ሰባት። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ቀን 1983። ታላላቆቻችን ቁጥር ይረሳሉ እንጂ ማን ሲገባና ማን ሲወጣ ምን ላይ እንደነበሩ አይረሱም። ካልተገኘም «በሰማንያዎቹ ዕድሜ» ብሎ ማለፍ ከሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል።

ከውጭ ሀገር የመጣ ማስረጃ ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ወደ እኛው መልሱት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7 ዓመት ትቀንሳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት።

የልጆች ስም ዝርዝር ላይ ቀስ በሉ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ፣ ስሙ ሲዘለል ያ ልጅ አስከሬኑ ፊት ቆሞ ይሰማል። ሲጠራ ደግሞ የሚቆጣ አይጠፋም። እኔ ዝርዝሩን ለቤቱ ታላቅ ልጅና ለአንድ ሽማግሌ ሳላነብ አላሳትምም። ቤተሰቡ ካልተስማማ ስም መዘርዘሩን ትቼ «ልጆችንና የልጅ ልጆችን አይተዋል» እላለሁ።

ርዝመቱ አንድ ገጽ ይብቃው። ሲነበብ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አይለፍ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የቆመው። ኮምፒውተር ቤት ስታስጽፉት ፊደሉን ተለቅ አስደርጉ፤ አንባቢው መነጽሩን ረስቶ ሊመጣ ይችላል። የተለመደውን ቅርጽ መጣል አያስፈልግም፤ ቤተሰብ ይጠብቀዋል፣ ያጽናናልም። አንድ የእሳቸው ብቻ የሆነ ዓረፍተ ነገር ግን አስገቡበት። አንድ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። መርዶ ለሁሉም መድረሱን ሳታረጋግጡ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች ልጅ የእናቷን ሞት ሰው ቤት ሥራ ላይ ቆማ ከስልኳ ማንበብ የለባትም። እዚያ ያሉ ዘመዶች ሰው ይዘው፣ በራፏ ድረስ ሄደው ያርዷት።

ከዚያ ድንኳኑ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ድሮ አልቃሽ ነበረች። ሟቹ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንዳበላ፣ የት እንደዘመተ በሙሾ ትደረድረው ነበር፤ ለቀስተኛውም ይቀበላታል። ከተማ ውስጥ አልቃሽ እየጠፋች ነው። ታሪኩ ግን አልጠፋም። ንፍሮ እየተቆረጠመ በወሬ መልክ ይወጣል።

ደብተር ይዛችሁ ድንኳን እንዳትገቡ። ሰው ደብተር ሲያይ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እንደ ሬዲዮ ማውራት ይጀምራል። እንደማንኛውም ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላችሁ ተቀመጡ። ስሙ። ቤት ስትገቡ ጻፉት፣ ሳትተኙ።

ሰዓቱን ምረጡ። ቀን የሚመጣው ለቀስተኛ ደርሶ የሚሄድ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚቀሩት ካርታ የሚጫወቱትና አዳሪዎቹ ናቸው። የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከእነሱም የበለጠ የሚያውቁት ጓዳ ሰሃን የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው። ወንድ ከሆናችሁ እዚያ የምትሰማ እህት ወይም ሚስት ያስፈልጋችኋል። የኔ መዝገብ ግማሹ የባለቤቴ ጆሮ ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ጥሩ ሰው ነበሩ» ነው፤ በዚያው ያልቃል። እነዚህ ይሻላሉ፦

መጀመሪያ የት ነው ያየሃቸው?
ሲናደዱ ምን ይሉ ነበር?
ምን አበድረውሽ ያውቃሉ?
ቤታቸው ስትገባ መጀመሪያ ምን ታይ ነበር?

የመጨረሻዋ ጥያቄ አታሳፍረኝም። ስለ አንድ ዝምተኛ ዘበኛ የጠየቅኩት ሁሉ «እኔንጃ፣ ሰላምታ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። ቤታቸውን ስጠይቅ ግን አንዱ ጎረምሳ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፉ ስልክ ቁጥሮች እንዳሉ ነገረኝ። ሌሊት ምጥ የያዛት እርጉዝ ስትኖር የሚደወልላቸው የታክሲ ሾፌሮች ቁጥር ነበር። ዘመድ አልነበራቸውም። የቀበራቸው እድሩ ነው፤ ታሪካቸውን የያዘው ያ ግድግዳ ነበር። ቤቱ ለሌላ ተከራይ ሳይለቀቅ ሄጄ ፎቶ አነሳሁት።

የታላላቆችን ድምፅ በስልክ መቅዳት ጥሩ ነው። ግን ድንኳን ውስጥ አይደለም፣ ሳታስፈቅዱም አይደለም። ከሠልስቱ በኋላ ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ቡና ሲፈላ ቅዱ።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጀናዛ በቶሎ ነው የሚወጣው፤ መቃብር ላይ የሕይወት ታሪክ ማንበብም ልማዳቸው አይደለም። ስለዚህ የቀብሩ ጽሑፍ ይቀራል። ወሬው የሚገኘው ለለቅሶ ሲቀመጡ ወይም ሰደቃ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር መጀመሪያ ቤተሰቡን እንጠይቃለን። እስካሁን እምቢ ያለን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ስማቸውንና ያረፉበትን ቀን ብቻ ጽፈን ተውነው።

ፎቶው

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ከነመስታወቱ በስልክ ብታነሱት የራሳችሁ ፊት ነው የሚታየው። ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ከፍሬሙ አውጡት። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱት። የቡድን ፎቶ ከሆነ ማን ማን እንደሆነ ከግራ ወደ ቀኝ አስነግራችሁ ጻፉ። ይህን አሁን ካላደረጋችሁት ያቺ ፎቶ ከአሥር ዓመት በኋላ የማይታወቁ ሰዎች ስብስብ ትሆናለች። ዋናውን ፎቶ ደግሞ ወዲያው መልሱ። በእድር ጸሐፊ እጅ የጠፋ ፎቶ ዕድሜ ልክ ይነሳል።

እስከ አርባው መጻፍ

አርባውን ቀጠሮ ያደረግነው ሰው ያን ቀን መልሶ ስለሚሰበሰብ ነው። ሠልስት ላይ ሐዘኑ ትኩስ ነው። ሰማንያ ላይ መጻፉ ይረሳል።

ያመጣችሁትን ወሬ ስትጽፉ የምስጋና ቃላቱን አውጡና ድርጊቱን አስቀሩ። ለጉሊት እናታችን መጀመሪያ የጻፍኩት «ለሰው አዛኝ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚል ነበር። ባለቤቴ አነበበችውና «ይሄ የማነው?» አለችኝ። አፈርኩ። እንደገና ጻፍኩት፦

«ልጅ ተልኮ ሽንኩርት ሊገዛ ሲመጣ መደቡን ፌስታል ውስጥ ይጨምሩለታል። ምርቃቷን ግን አይጨምሯትም። አንዷን ሽንኩርት በእጁ ያስይዙትና ‹ይቺ ያንተ ናት፤ ለእናትህ አንተ ስጣት› ይሉታል። የሰፈሩ ልጆች ጉሊት ለመላክ ይጣሉ ነበር።»

አዛኝ የሚለው ቃል የለበትም።

ክፉውስ? ሁሉም ሰው መልአክ ከሆነ መዝገቡን ማንም አያምነውም። ቁጣን፣ ግትርነትን፣ ቁማር መውደድን ጭምር እጽፋለሁ፤ ቤተሰቡ ራሱ እየሳቀ የሚያወራው ከሆነ። ዕዳ፣ የበሽታ ምሥጢር፣ የትዳር ጠብ አልጽፍም። በሕይወት ያለ ሰው ስም የሚነካ ነገርም እንዲሁ። ረቂቁን ለቤተሰቡ ስታነቡ «ይውጣ» ያሉትን አውጡ፤ አትከራከሩ።

በለጋ ዕድሜው የተቀጨ ከሆነ አጭር ይሁን። የሆነውን እንጂ ሊሆን ይችል የነበረውን አትጻፉ። እናቱ ያንን ራሷ ታስበዋለች።

መዝገቡ

ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ግዙ። ለአንድ ሰው ሁለት ገጽ። በጥቁር እስክሪብቶ፣ በእጅ። እያንዳንዱን ገጽ ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ሁለት ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ የእድር ቤት ጣሪያ ያፈሳል። በቀኝ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ዳርቻ ባዶ ተዉ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

እኛ በዓመት አንዴ፣ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ የሂሳብ ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት የዓመቱን ሟቾች ገጽ እናነባለን። በፊት ሪፖርቱን አስቀድመን ነበር፤ ሰው ስለ መዋጮው ተጨቃጭቆ ሲያበቃ የሚሰማ ጆሮ አይቀረውም።

የጉሊት እናታችን ገጽ ሲነበብ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። የሰፈራችን ባለታክሲ ነው። የመዋጮ ጥያቄ መስሎኝ «ቆይ፣ ሂሳቡ ይመጣል» አልኩት።

«የሂሳብ አይደለም» አለ። «ለኔ ሎሚ ነበር የሚሰጡኝ።»

ዳርቻው ላይ «ሎሚም» ብዬ ጻፍኩ።