የሻምፒዮና መጨረሻ ላይ መኪናው ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

የብሪታኒያ ቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና (ከመደበኛ የመንገድ መኪና የተሠሩ መኪኖች የሚወዳደሩበት) አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናቀቀው ኦክቶበር ላይ፣ ኬንት ውስጥ በሚገኘው ብራንድስ ሃች ነው። እሁድ ብቻ ሦስት ውድድር አለ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አጭር ነው። ጠዋት ይበርዳል፣ ከሰዓት ፀሐይ ይወጣል። ጫካ ውስጥ የሚያልፈው የትራኩ ክፍል ግን ጥላ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም።

ሾፌሩ ወርዶ «መኪናው ልክ አይደለም» ሲል የብዙዎቻችን እጅ ወደ ሴቲንግ ይሮጣል። ሞላው ይቀየር፣ ከፍታው ይስተካከል እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ኤፕሪል ላይ በደንብ የሄደ መኪና ኦክቶበር ላይ ካስቸገረ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። ምን ቀዘቀዘ? ምን አለቀ? ምን ተመታ? ሴቲንግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ኋላው ይንሸራተታል፣ ከዚያ ይሻለዋል

ይሄ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ችግር ነው። የፊት ጎማዎች ይጎትታሉ፣ ያዞራሉ፣ አብዛኛውን የፍሬን ሥራም ይሠራሉ። ስለዚህ ቶሎ ይሞቃሉ። የኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ፤ በብርድ ቀን እስኪሞቁ ጥቂት ዙር ይፈጃል። ብራንድስ ሃች ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ኩርባ ፓዶክ ሂል ነው። ወደ ቀኝ እየታጠፈ ቁልቁል ይወርዳል። ሾፌሩ እዚያ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ መኪናው ይዞራል።

የጎማውን ነፋስ እዩ። የት ነው የተለካው? 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጋራዥ ውስጥ 1.5 ባር የተሞላ ጎማ፣ ውጭ 8 ዲግሪ ላይ ሲቆይ ወደ 1.4 ይወርዳል። ማንም አልነካውም፤ ብርዱ ነው የቀነሰው። ጌጁን ይዛችሁ ውጡና መኪናው ባለበት እንደገና ለኩ። የኋላዎቹን ትንሽ ከፍ አድርጎ መጀመርም ይረዳል።

ሾፌሩ በማሟሟቂያው ዙር የፍሬኑን ሚዛን፣ ማለትም ኃይሉ ለፊትና ለኋላ የሚከፈልበትን፣ ወደ ኋላ ያዙር። በቀኝ እግሩ ነዳጅ እየሰጠ በግራው ፍሬን ይርገጥ። ዲስኩ ይግላል፣ ዲስኩ ቸርኬውን፣ ቸርኬው ጎማውን ያሞቃል። ከመነሳቱ በፊት ሚዛኑን እንዲመልስ በሬዲዮ አስታውሱት። ካልመለሰው ፓዶክ ሂል ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል።

አምስተኛው ዙር ላይም ኋላው ካልያዘ ጥፋቱ የብርድ አይደለም። የተጣመመ ነገር ፈልጉ።

የፍሬን ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2019 ሾፌሩ ዳን ካሚሽ በሆንዳው የሻምፒዮናውን ዋንጫ ሊወስድ የቀረው ጥቂት ነበር። የመጨረሻው ውድድር ሊያልቅ ሲል፣ ጫካው ውስጥ ሃውቶርን የሚባለው ፈጣን ኩርባ ጋ ሲደርስ ፍሬኑ ከዳው። ከትራኩ ወጣ። ተፎካካሪው ኮሊን ተርኪንግተን በ2 ነጥብ ብቻ በልጦ አራተኛ ዋንጫውን ወሰደ። ያንን ቀን ያየ ሰው «ፔዳሉ ትንሽ ወርዷል» የሚለውን ቃል ቀላል አድርጎ አይሰማም።

ምርመራው መኪናው ቆሞ ይጀምራል። ሾፌሩን «ሁለተኛ ጊዜ ስትረግጠው ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።

«ጠነከረ» ካለ፣ የፍሬን ሸራዎቹ ከዲስኩ ርቀዋል ማለት ነው። ይሄ የሚሆነው ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላልቶ ዲስኩ ሲወዛወዝና ሸራዎቹን ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሱ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ትንሽ እንኳ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ይቀየር። ጊዜ ከሌለ ሾፌሩ ከኩርባው በፊት በግራ እግሩ ፔዳሉን ነካ ያድርገው። ይሄ ግን ማስታገሻ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

«እንደ ስፖንጅ ነው፣ ደጋግሜ ብረግጠውም ያው ነው» ካለ፣ አየር ገብቷል ወይም የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሆኖ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ መፍላት የለበትም። እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። የውድድር ዘይት ከዚህ በጣም ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ያረጃል። ዛሬ የተከፈተ ቆርቆሮ ተጠቀሙ። ከአራቱም ጎማ ፍሬን አየር አስወጡ። ቅዳሜ ማታ ተሠርቷል ተብሎ እሁድ አይታለፍ።

«ፔዳሉ ድንጋይ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም» ካለ፣ ሸራው ከልክ በላይ ግሎ ፊቱ መስታወት ሆኗል። ቀይሩት። አዲሱን ግን ሳታሟሹ ወደ ውድድር አትላኩ።

ያን ጊዜ ዲስኩንም እዩ። ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ መሀሉ ላይ ይኖራል፤ የሙቀት ነው። ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ጥፍር ከያዘ፣ ወይም ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ከደረሰ ያ ዲስክ አልቋል። «አንድ ውድድር ይጨርሳል» የሚል ካለ አትስሙት።

መኪናው ቀጥ የሚለው መሪው ዞሮ ሲያዝ ነው

በቱሪንግ ውድድር መነካካት ያለ ነው። መሪው ከመሀል ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲራንቲ ነው፤ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ። አንድ ጊዜ በነበርኩበት ቡድን በዓይን ስናየው ቀጥ ያለ ነበር። ፈትተን ጠፍጣፋ ብረት ላይ ስናንከባልለው ግን ከሥሩ ብርሃን እያሳየ ይንገዳገዳል። ከዚያ ወዲህ በዓይን አላምንም።

ጎማውንም አንብቡ። ብራንድስ ሃች አብዛኛው ኩርባው ወደ ቀኝ ስለሆነ ግራው የፊት ጎማ ይበልጥ ቢበላ አይገርምም። የቀኙ የውስጥ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ግን አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ፣ ሄዷል።

ቲራንቲው ይቀየር። ከዚያ በመኪናው ሁለት ጎን ሲባጎ ወጥሩ። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ያለውን በሚሊሜትር ለኩና ቀድሞ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ያልተጻፈ ካለ አሁን ጻፉት፤ ለሦስተኛው ውድድር ያስፈልጋል።

መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጎማው ላይ የተለጠፈ የላስቲክ ፍርፋሪ ነው፤ ሁለት ዙር ሲሄድ ይራገፋል። እየባሰ ከሄደ ግን የቸርኬ ብሎን ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ሾፌሩን ወዲያው ጥሩት።

የውኃው ሙቀት ከሰዓት ላይ ይወጣል

ጠዋት ለብርዱ ተብሎ ራዲያተሩ ፊት የተለጠፈ ፕላስተር አለ? ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። አንሱት። ከሌለ ቅጠል፣ ሣርና የጎማ ፍርፋሪ ፈልጉ፤ በወቅቱ ጫካው ቅጠሉን ያራግፋል። በነፋስ ከኋላ ወደ ፊት ንፉት። በፊት በኩል በኃይለኛ ውኃ ብትመቱት ቀጫጭን ክንፎቹ ይተኛሉ፣ አየር አያሳልፉም። ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖ ውኃው ከጎደለ ግን ሞተሩን ሳታስነሱ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አስመርምሩ።