ደሴ ላይ አትክልት መቼ ይዘራ? ከውርጭ ወደ ኋላ መቁጠር

የዘር ማሸጊያ ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ ለደሴ ጓሮ የሚጠቅመው የመዝሪያው ወር ሳይሆን የቀን ቁጥሩ፣ ማለትም ለመድረስ የሚወስደው ቀን ነው። ወሩ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ለሌላ አገር ብርድ ነው። እኛ ዘንድ ውርጭ የሚወርደው ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቀን ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ወቅት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያሰጋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ይብሳሉ። ስለዚህ ብርድ የማይችሉ አትክልቶች ደሴ ላይ ሁለት መግቢያ አላቸው። አንዱ ውርጭ ከወጣ በኋላ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ በበልግ ዝናብና በማጠጫ ውሃ ነው። ሌላው ጥቅምት ሳይጋመስ ለመሰብሰብ በሐምሌ የሚዘራው ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ብቻውን 4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። እዚያ ውርጭ ብርቅ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ «ተከልኩ» ብሎ ስለደወለ በዚያው ሳምንት ደሴ ላይ መትከል ችግኝ ማባከን ነው።

የጓሮዎን ቀን ይወቁ

ለከተማው ሁሉ የሚሠራ አንድ የውርጭ ቀን የለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ቦሩ ሜዳን በመሰለ ሜዳ ላይ ያለ ማሳ አመዳይ ለብሶ ሲያድር፣ ጦሳ ግርጌ ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ምንም ላይነካው ይችላል። አንድ ግቢ ውስጥም ልዩነት አለ፤ በታች በኩል ግንብ አጥር ካለ አየሩ መውጫ አጥቶ እዚያ ጥግ ይከማቻል። ቲማቲምና ፎሶልያ እዚያ ጥግ አይተከሉም፤ ጎመን ይበቃዋል።

ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ በዝርግ የብረት ሰሃን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ጨምረው ማታ መደቡ አጠገብ ጭድ ላይ ያስቀምጡ። ጭዱ የመሬቱ ሙቀት ሰሃኑን እንዳያሞቀው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትመታው ይዩት፤ ብርዱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋ ሲል ነው። ውሃው ከዳር በረዶ ከያዘ ቀኑን ይመዝግቡ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ያታልላል፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ፣ እሱ 3 ዲግሪ እያሳየ መሬቱ ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል።

የሦስት ዓመት መዝገብ ሲኖርዎ ከሁሉ ቀድሞ የመጣውንና ከሁሉ ዘግይቶ የወጣውን ቀን ይያዙ፤ አማካዩን አይደለም። እስከዚያው ደሴ ላይ ጥቅምት 15ን እንደ ውርጭ መግቢያ፣ የካቲት 20ን እንደ ደህና መትከያ ቀን ወስዶ መሥራት ይቻላል።

አቆጣጠሩ

መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ከየት እንደሚቆጠር ይለዩ። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለጥቅል ጎመን ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ችግኙ ከተዛወረበት ቀን ነው፤ ለፎሶልያ፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር ደግሞ ዘሩ ከተዘራበት። ይህን አለመለየት አንድ ወር ተኩል ያሳስታል። በደሴ ቅዝቃዜ ላይ ደግሞ 75 ቀን የተባለው 90 ሊሆን ስለሚችል ጭማሪ ይያዙ።

ፎሶልያን እንይ። ለመድረስ 60 ቀን፣ ለመልቀሚያ 20 ቀን፣ ለብርዱ መጠባበቂያ 10 ቀን፤ በድምሩ 90። ከጥቅምት 15 ወደ ኋላ ሲቆጠር ሐምሌ 20 ላይ ያደርሳል። በወር ብቻ የሚቆጥር ሰው ጳጉሜንን ይረሳና አምስት ቀን ቀድሞ ይዘራል። ዘሩ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይቀበራል፤ ነገር ግን ሐምሌ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ዘሩ ስለሚበሰብስ መደቡን 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

ቲማቲም የካቲት 20 እንዲዛወር ደሴ ላይ ችግኙ 50 ቀን ያህል ይፈልጋል። ወደ ኋላ ሲቆጠር ታኅሣሥ 30 ነው፤ የገና ማግስት። ቃሪያ ቀርፋፋ ስለሆነ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ታኅሣሥ 20 ይዘራል። በዚህ ስሌት ቲማቲሙ ግንቦት 20 አካባቢ መድረስ ይጀምርና ዋናው ክረምት ሳይገባ ብዙው ይለቀማል። ሐምሌ ላይ የሚተከል ቲማቲምን ግን ደሴ ላይ ባይሞክሩት ይሻላል። ነሐሴ ላይ በእርጥበት የሚመጣው የቅጠል ዋግ ይይዘዋል፤ ከዋጉ የተረፈውን ጥቅምት ይጨርሰዋል።

ድንች ከተተከለ በኋላ ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚወስድ የካቲት መጀመሪያ ላይ ሊገባ ይችላል። መሬት ውስጥ እያለ ውርጭ አያገኘውም።

ውርጭ የሚችሉት ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ብርዱ ሲገባ ሥር ይዘው መገኘት አለባቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ እድገታቸው በጣም ይዘገያል። ጥቅል ጎመን ነሐሴ 5 ተዘርቶ መስከረም 10 ቢዛወር ለገና ገበያ ይደርሳል። ቀይ ሽንኩርት ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ችግኙ እርሳስ ያህል ወፍሮ ብርድ ካገኘው ራስ መያዙን ትቶ አበባ ያወጣል። ለሽንኩርት ቀጠን ያለ ችግኝ ይመረጣል።

ኮምቦልቻ ላይ የሚቆጠረው ከውርጭ ሳይሆን ከሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቲማቲም ቢያብብም ፍሬ መያዝ ያስቸግረዋል፤ አበባው ይረግፋል። ኅዳር 15 ዘርቶ ታኅሣሥ 30 ማዛወር አበባውን ወደ የካቲት ይገፋዋል። ብዙ ሰው አበባው ሲረግፍ በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጫል፤ ገንዘብ ማባከን ነው።

በታኅሣሥ ብርድ ችግኝ ማፍላት

አፈሩን ሦስት እጅ የጓሮ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገው ያደባልቁ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር አንድ ሴንቲ ሜትር ይቀበራል። የቲማቲም ዘር አፈሩ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አይበቅልም፤ የሚወደው ከ20 እስከ 30 ነው፤ ቃሪያ ደግሞ ከዚያም በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የችግኙ ሣጥን ሌሊት ወጥ ቤት ያድራል፣ እንደበቀለ ቀን ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይውላል። በቂ ብርሃን ካላገኘ ተመዞ ይቀጥናል።

የቧንቧ ውሃ በዚህ ወር አፈሩን ያበርደዋል። ጀሪካኑን ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጠው እኩለ ቀን ላይ ያጠጡ። ማታ ማጠጣት ችግኙ ከግንዱ ሥር ቀጥኖ እንዲወድቅ ያደርጋል፤ የዚህ ምክንያቱ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር የሚወድ ሻጋታ ነው።

ከመዛወሩ በፊት ለ10 ቀን ያላምዱት። የመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ ለ2 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ በየቀኑ ይጨመራል፣ ውሃው ይቀነሳል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ውጭ ያድራል። የደሴ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ያልተላመደ ቅጠል ላይ በአንድ ቀን ወረቀት የመሰለ ነጭ ነጥብ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ተገዝቶ የመጣ ችግኝም ይህን ሳያገኝ መሬት አይገባም።

ውርጭ ቢቀድም

ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ካለ ይጠርጥሩ፤ ደመና ካለ ይተኙ። የሚያሰጋ ሲሆን ቀን መሬቱን በደንብ ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በእንጨት ቅስት ላይ ጆንያ ወይም አሮጌ ጨርቅ ይዘርጉ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያንሱ። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካውን ቦታ ውርጭ ያገኘዋል። ጭድ አቃጥሎ ማጨስ የተለመደ ቢሆንም ብዙ አይረዳም፤ ጭሱ መሬቱ የሚለቀውን ሙቀት አይዝም።

ውርጭ የመታው ቅጠል ጠዋት የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል፤ ወዲያው ይጠቁራል። አይቸኩሉ፤ አንድ ሳምንት ይጠብቁ። ድንች ከመሬት በታች እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ብዙ ጊዜ ምርቱ ቢቀንስ እንጂ አይጠፋም። ቲማቲም ከጎን ካላቆጠቆጠ ይነቀል። ፎሶልያ አናቱ ከሞተ አይመለስም፤ ቦታውን ለቆስጣ ይስጡት።