ሹራብ ጠባቂ የሌለበት የስፖርት ክፍለ ጊዜ

የኛ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ 60 ልጅ በአንድ ኳስ ይወጣል፣ አስራ ምናምን ወንዶች ኳሷን ይዘው ይሮጣሉ ሌላው ግንቡ ስር ይቀመጣል። እኔም የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው ያስተማርኩት። አንዴ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ የጓደኞቿን ሹራብ እስከ አገጯ ታቅፋ ቆማ አየኋትና ለምን አትጫወቺም ስላት «ቲቸር እኔ እኮ ሹራብ ጠባቂ ነኝ» አለችኝ። ከዛ ወዲህ ፕሮግራም ማወጣው እሷን አስቤ ነው።

መጀመሪያ ኳስ አብዙ። በጀት የለም ከተባለ የካልሲ ኳስ ይሰራ፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ በሲባጎ ማሰር ነው፣ ልጆቹ ከናንተ በላይ ያውቁበታል። ከዛ ሜዳውን አራት ቦታ ክፈሉት፣ አንዱ ጋ እግር ኳስ፣ አንዱ ጋ ቮሊቦል፣ አንዱ ጋ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ ጋ ፔፕሲ፣ በየ8 ደቂቃው ፊሽካ እየነፋችሁ አዟዙሯቸው። ፔፕሲን የህፃን ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፣ መሀል ገብቶ ከኳስ ሲያመልጥ የቆየን ልጅ ላቡን እዩት።

ሴቶቹ ሚቀመጡት ስፖርት ስለማይወዱ አይደለም። ዩኒፎርሙ ቀሚስ ነው፣ መቀየሪያ ቦታ የለም፣ ላብ በላብ ሆኖ ሂሳብ ክላስ መግባት ያሳፍራቸዋል፣ የወር አበባም አለ። ስለዚህ ስፖርት ባለበት ቀን ቱታ ለብሰው እንዲመጡ ዳይሬክተሩን አስፈቅዱ፣ አንድ ክፍል ለመቀየሪያ ይከፈትላቸው፣ መታጠቢያ ውሃም ይኑር። ዛሬ አልችልም ያለችን ልጅ ሰው ፊት ለምን ብላችሁ አትጠይቁ፣ ፊሽካውን ስጧትና ትዳኝ።

ሩጫን ደሞ በፍፁም ቅጣት አታድርጉት። ያረፈደን ሁሉ ሜዳውን 5 ዙር ሩጥ እያልን ስፖርት እንዲወድ መጠበቅ አይሆንም። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችውን ደራርቱ ቱሉን በልጅነቷ ያሰለጠኗት ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፣ ከኛ ሜዳ የተለየ ሜዳ አልነበራቸውም። ሁሉም ልጅ ደራርቱ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ ግን ሩጫ ቅጣት በሆነበት ግቢ ማን መሮጥ እንደሚችል እንኳን አታውቁም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 አመት ላለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ ቶሎ ቶሎ ሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል፣ የኛ ክፍለ ጊዜ ደሞ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኳስና ገመዱን ስቶር አትቆልፉበት፣ በምሳ ሰአት ለክፍል አለቆች አስፈርማችሁ ስጡ። የክፍል ለክፍል ውድድር ስታዘጋጁም ነጥብ ለጎል ብቻ አይሁን፣ ብዙ ልጅ ያሰለፈ ክፍል ተጨማሪ ነጥብ ያግኝ፣ ያኔ ኮከብ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተቀምጦ የነበረውን ልጅ እየለመኑ ያስገቡታል፣ አይቼዋለሁ።

ለሹራቡ ደሞ ግንቡ ላይ ሁለት ሚስማር መትታችሁ ሽቦ ወጥሩ።