ብሩዥ ላይ የደወሉን ማማ ስትወጡ ሰዓት ጠብቁ

ቤልጅየም፣ ብሩዥ ከተማ የሄደ ሰው ማርክት አደባባይ ላይ ያለውን የደወል ማማ ማየቱ አይቀርም። 83 ሜትር ነው፣ ከየትም ይታያል። ችግሩ፣ 366 ደረጃ እያለከለከ ወጥቶ፣ ከላይ ፎቶ አንስቶ፣ ዋናውን ነገር ሳያይ የሚወርደው ብዙ ነው።

ዘዴው ይህ ነው። ጫፍ ልትደርሱ ስትሉ ደወሎቹን የሚያጫውተው ማሽን ያለበት ክፍል ታገኛላችሁ። ሩብ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው እዚያ ቆማችሁ ጠብቁ። ከዚያ ግዙፉ ከበሮ መዞር ይጀምራል። በላዩ የተሰኩት ጥርሶች ሽቦዎቹን ያንቀሳቅሳሉ፤ ሽቦዎቹ ከላይ ያሉትን መዶሻዎች እያነሱ ደወሎቹን ይመታሉ። ደወሎቹ 47 ናቸው። ልክ እንደ ሙዚቃ ሳጥን ነው፣ ግን እናንተ ሳጥኑ ውስጥ ናችሁ! በየሩብ ሰዓቱ ስለሚጫወት፣ ቢያመልጣችሁም ቀጣዩ ሩቅ አይደለም።

ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ከብራስልስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ረፋድ ላይ የደርሶ መልስ ጎብኚው ይጎርፋል፣ ወረፋውም ያኔ ነው።

ጉልበቱን የሚያመው፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ይቅርበት። ሊፍት የለም፣ የሚወጣውም የሚወርደውም በዚያው ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው የሚተላለፈው። ደወሉ እንደሆነ አደባባዩ ላይ ቁጭ ብሎም በነፃ ይሰማል።