«ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ከማለት በፊት፦ የቀላል እኩልታ አፈታት

ከቀፊራ ገበያ 3 ኪሎ ማንጎ ተገዛ እንበል። የባጃጅ 20 ብር ሲጨመር ወጪው በጠቅላላ 260 ብር ሆነ። ኪሎው ስንት ነው?

መጀመሪያ የማይታወቀውን በፊደል ሰይሙ፦ ሀ = የ1 ኪሎ ማንጎ ዋጋ በብር። «ሀ ማንጎ ነው» ማለት አይበቃም። ፊደሉ የሚወክለው ቁጥር ነው፤ ኪሎውን ይሁን ዋጋውን ካልለያችሁ መልሱ ምን እንደሆነ ይጠፋችኋል።

3ሀ + 20 = 260

ሀ በ3 ተባዝቷል፤ ከዚያ 20 ተደምሮበታል። ስትፈቱ ከኋላ ጀምሩ። ከሁለቱም ወገን 20 ቀንሱ፤ ከዚያ ሁለቱንም ለ3 አካፍሉ፦

3ሀ = 240
ሀ = 80

በአንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ ይሠራ።

ብዙ ተማሪ «ቁጥር ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ብሎ ይሸመድዳል። ለመደመርና ለመቀነስ ያስኬዳል፤ 3ሀ = 240 ላይ ሲደረስ ግን 3ን አሻግሮ 240 − 3 = 237 የሚል አይጠፋም። ቁጥር የደቻቱን ወንዝ እንደሚሻገር መንገደኛ ወዲያ ማዶ አይሄድም። 3 ከሀ ጋር የተያያዘው በማባዛት ስለሆነ የሚያላቅቀው ማካፈል ነው፤ እሱም በሁለቱም ወገን።

ሀ ግራም ቀኝም ካለ፣ ለምሳሌ 5ሀ − 12 = 2ሀ + 18፣ አነስተኛውን 2ሀ ከሁለቱም ቀንሱ፤ ከኔጌቲቭ ጣጣ ትድናላችሁ። 3ሀ − 12 = 18፤ 12 ስትደምሩ 3ሀ = 30፤ ሀ = 10።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቅንፍ ነው፦

20 − 2(ሀ − 3) = 8

−2 በቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ያባዛል፤ −2 × −3 ደግሞ +6 ነው።

20 − 2ሀ + 6 = 8
26 − 2ሀ = 8
−2ሀ = −18
ሀ = 9

+6 በሚለው ፈንታ −6 የጻፈ ሀ = 3 ያገኛል። ስህተቱን የሚያጋልጠው መልሱን በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ መተካት ነው፦ በ3 ሲተካ ግራው 20 ይሆናል እንጂ 8 አይሆንም፤ በ9 ግን 20 − 12 = 8። መተካት ያለባችሁ ጥያቄው በተሰጠበት መስመር ላይ ነው። መሐል ላይ ከተካችሁ የተሳሳተውም መስመር «ልክ ነው» ሊላችሁ ይችላል።

አንዳንዴ ሀ ራሱ ይጠፋል። 2ሀ + 3 = 2ሀ + 5 ላይ 2ሀ ሲቀነስ 3 = 5 ይቀራል፤ ይህ መልስ የለውም። የቀረው 3 = 3 ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ቁጥር መልስ ይሆን ነበር።